የመስኮቱ ሥር መስመር

«ለአባቴ ብቻ እንዳትነግረው» አለች ግሌኒስ በስልክ። «ቢሰማ ደስ ይለዋል።»

ዊልፍ ሰግደን ይህን የሰሙት ደረጃው መሃል ላይ ቆመው፣ አንድ እጃቸው መደገፊያውን እንደያዘ፣ ሌላው የሹራባቸውን እጅጌ እየፈለገ ነው። ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ልጃቸው ከታች ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከኮት መስቀያው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ የስልኩን ገመድ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ግን ያ ቤት ድምፅ የሚደብቅ ቤት አይደለም። የስኬልቢ ከተማ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በሙሉ እንደዚያው ናቸው፤ እዚህ ሲያስነጥሱ ጎረቤት «ይማርህ» ይላል። «መስመሩ ጠማማ አይደለም ማንጂት፤ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ» አለች ደግማ። «ንድፉ እንዳዘዘው፣ ከፉርጎው ታችኛ ጠርዝ ስድሳ ስምንት ሴንቲሜትር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሥራ አስኪያጁ ግን ፎቶ ይዞ መጥቶ ‹እዪው› አለኝ። አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ግቢ ተብያለሁ። የኔ ውል እንደሆነ በየወሩ የሚታደስ ነው፤ በቃሽ ለማለት አንድ ወረቀት ይበቃዋል።» ከዚያ ዝም ብላ ሰማችና በአፍንጫዋ ሳቀች። «አባቴማ አርባ ስምንት ዓመት ብሩሽ ይዞ የኖረ ሰው ነው። የኔን ሥራ የግድግዳ ወረቀት ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ሁለት እርከን ወደ ላይ ተመለሱና ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እግራቸውን ጮክ አድርገው እየረገጡ እንደገና ወረዱ። ኮሪደሩ ሲደርሱ ስልኩ ተዘግቷል፤ ግሌኒስ ወጥ ቤት ገብታ ውሃ እየጣደች ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ለሦስት ሰው የተገዛ ነው። ሚስታቸው ኤድና ከሞተች አራት ዓመት ቢሆናትም ወንበሯን ማንም አላነሳውም፤ ግሌኒስ ከባሏ ተፋታ እዚህ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ እጇ የእናቷ ነው፣ ሰፊና ፈጣን፤ ዝምታዋ ግን የአባቷ ነው። የተጠበሰ ዳቦ ቅቤ ቀብታ ግማሹን ብቻ በላች።

«እንቅልፍ ወሰደሽ?» አሉ ዊልፍ።

«ወሰደኝ።»

«ዳቦ ጨመረ አሉ። ጥግ ያለው ሱቅ ሃምሳ ስምንት ፔንስ አስገባው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ሽማግሌው «ደስ አይለኝም» ለማለት ፈልገው ነበር። ግን ያን ለማለት ቆመው ማዳመጣቸውን ማመን ነው፤ ደግሞም እውነት ደስ እንደማይላቸው እርግጠኛ አልነበሩም። «ዝናብ ሳይጥል አይቀርም፤ ጃኬትሽን ያዢ» አሉ በመጨረሻ። ያዘች። በሩ ተዘጋ፤ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ተነሳች።

የግድግዳ ወረቀት ማለታቸው እውነት ነው። ከዓመት ተኩል በፊት ግሌኒስ ባቡር የሚታደስበት ዴፖ ተቀጥራ፣ መንግሥት ባቡሩን ለኩባንያ ሸጦ ኩባንያው ባቡሩን በአዲስ ቀለም ሊያወጣው እንደሆነ እራት ላይ ስትነግራቸው «በምን ልትቀቡት ነው?» አሏት። መደቡን በመርጫ፣ መስመሩንና ጽሑፉን ግን ከጥቅል በሚላጥ ተለጣፊ ፕላስቲክ መሆኑን ስትናገር ሳቁ። ከዚያ ማታ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

እሳቸው ባቡር ፋብሪካው ቀለም ክፍል የገቡት በአሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ያኔ ከለንደን ወደ ስኮትላንድ በስኬልቢ በኩል የሚበሩት ባቡሮች ሎኮሞቲቫቸው እንደ ጥሬ ፖም አረንጓዴ፣ ፉርጎዎቻቸው ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት ነበሩ። ጦርነት መጣና ሎኮሞቲቩ ሁሉ ጥቁር ተቀባ። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ባቡሩን ሲወርስ ለፈጣኖቹ ሰማያዊ ታዘዘ፤ ሰማያዊው በጭስና በእጥበት ቶሎ እየደበዘዘ አስቸገረና በጠቆረ አረንጓዴ ተተካ፣ በብርቱካናማና በጥቁር ቀጭን መስመር የተከበበ። ፉርጎዎቹ ደግሞ ታቻቸው ደማቅ ቀይ፣ ላያቸው ክሬም ሆነ። ክሬሙ ከፋብሪካ ሲወጣ የሠርግ ልብስ ይመስላል፤ በወሩ ወተት የበዛበት ሻይ ይሆናል። ዊልፍ ኤድናን ያገቡት በዚያ ዘመን ነው፤ የቀዩ ቀለም ከጥፍራቸው ሥር አልወጣ ብሎ ቀለበቱን ሲያጠልቁላት አማታቸው «ሰው ገድሎ ነው እንዴ የመጣው?» ብለዋል። ግሌኒስ ስትወለድ ክሬሙ ቀርቶ ፉርጎው ሁሉ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር። ቀለሙ ቢለዋወጥም መስመሩ አይቀርም። መስመሩን የሚስበው ሰው ረጅም ጸጉር ያለው ቀጭን ብሩሹን በቀለም አጥግቦ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከፉርጎው ጋር ወደ ጎን ይራመዳል፤ እጁ አይንቀሳቀስም፣ እግሩ ነው የሚስበው። ሃያ ሁለት ነበሩ እንዲህ የሚችሉት። ግሌኒስ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ትከሻቸው ላይ አድርገው ከሃዲዱ በላይ ያለው ድልድይ ላይ ይወስዷትና ፈጣኑ ሲያልፍ «አየሽው? ያ መስመር የአባትሽ ነው» ይሏት ነበር።

ከዚያ አንድ ሰኞ አዲሱ ሰማያዊ መጣ። ለመላው አገር አንድ ሰማያዊ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ግራጫ፣ በመርጫ የሚረጭ። ከሃያ ሁለቱ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ። አንዱ ዊልፍ ነበሩ፤ የቀሩትም የሽንት ቤት በር ቁጥር ሊጽፉና የሎኮሞቲቩን አፍንጫ ቢጫ ሊቀቡ ነው። ግሌኒስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ ለማንም ሳትነግር፣ ለቀለም ክፍል ተለማማጅነት አመለከተች፤ የሂሳብ ፈተናም ተፈተነች። የክፍሉ አለቃ ስሟን አይቶ ወደ ዊልፍ መጣ። «ልጅህ ናት አይደል? ምን ትላለህ?» አላቸው። ዊልፍ ያን ጊዜ ተንበርክከው፣ ቁጥር በተቆረጠበት ካርቶን ላይ ቀለም እየደበደቡ በሽንት ቤት በር ላይ ቁጥር እያወጡ ነበር። ዞረውም አላዩት። «ለሴት ልጅ የሚሆን ቦታ አይደለም፤ ተወው» አሉ። አለቃው ተወው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ቦታው ሞልቷል» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ግሌኒስ ለእናቷ ጮክ ብላ አንብባ ወደ ክፍሏ ወጣች። ዊልፍ ሳህናቸው ላይ ያለውን ድንች መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ይህን ለአንድም ሰው፣ ለኤድናም ቢሆን፣ ተናግረው አያውቁም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ክራባታቸውን አሰሩ። ለምን እንዳሰሩት ራሳቸውም አላወቁም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ላምብ ከላይ እስከ ታች ቃኘቻቸው። «በዓርብ ቀን ክራባት? ቀብር ነው ወይስ እጮኛ አግኝተው ነው?»

«ዴፖ ልሄድ ነው።»

«እጮኛ ቢሆን ይሻል ነበር» አለች።

በጡረተኛ ዋጋ ሠላሳ አምስት ፔንስ ከፍለው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ዝናቡ እንዳሉትም ጀመረ። ድሮ ፋብሪካው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የምንጣፍ መደብር አለ፤ «ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ በር ላይ እንደተለጠፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ሄደው ምን እንደሚያደርጉ አላቀዱም። አንድ ጊዜ ወርደው ሊመለሱ ቆርጠው ነበር፤ ግን «ቢሰማ ደስ ይለዋል» ያለችው ነገር ወንበሩ ላይ ያዛቸው።

የዴፖው በር ላይ ማንጂት አያቸውና ክው አለ። ከግሌኒስ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚሠራ፣ ጥምጣሙ ላይ እንኳ የቀለም ፍንጣሪ የማይጠፋበት ደልዳላ ሰው ነው።

«ሚስተር ሰግደን! እኔ አልነገርኩዎትም። በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም!»

«ማንም አልነገረኝም። ፉርጎውን አሳየኝ።»

«ግሌኒስ ልታየኝ ነው እኮ፤ ከነነፍሴ ነው የምትቀብረኝ።»

«ማንጂት።»

«እሺ፣ እሺ። በዚህ በኩል፤ እግርዎን ይጠብቁ።»

ፉርጎው በጣሪያው መብራት ሥር ብቻውን ቆሟል፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ከመስኮቶቹ ሥር አንድ ብርማ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሰኞ ጠዋት እንግዶችና ፎቶ አንሺዎች ባሉበት የሚወጣው የኩባንያው የመጀመሪያ ባቡር አካል ነው። ዊልፍ ሃያ እርምጃ ራቁና አዩት። መስመሩ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ወደ ግራው ጫፍ ሲደርስ እንደ ደከመው ሰው ትከሻ ዘንበል ይላል። ለአንድ አፍታ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ላለች አፍታ፣ ደስ አላቸው። የግድግዳ ወረቀት! ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ከመስመሩ ላይ አነሱ። ልጃቸው ስለ እሳቸው የተናገረችው እውነት ነበር፤ ከእሳቸው ይልቅ እሷ ታውቃቸዋለች።

ቀረብ አሉ። ጎንበስ ብለው የፉርጎውን ታችኛ ጠርዝ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ፤ የግራው ጫፍ ጋ ሲደርሱ መዳፋቸው ቆመ። ቀለሙ ሥር፣ ዓይን የማያየው፣ ጣት ግን የሚያውቀው የብየዳ ጠባሳ አለ። «ይህ ተመትቶ ነበር?» አሉ።

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ የሆነ ቦታ። የታችኛው ቆርቆሮ ተቀይሮለታል አሉ» አለ ማንጂት።

«ሲባጎና ውሃ ልክ አምጣልኝ። ጠመኔም ካለ።»

ሲባጎውን ከመጀመሪያው መስኮት ሥር እስከ መጨረሻው መስኮት ሥር ወጥረው ገና ሳይጨርሱ የቢሮው በር ተከፈተና ግሌኒስ ወጣች፤ ከኋላዋ ሚስተር ፒከርስጊል፣ የዴፖው ሥራ አስኪያጅ፣ በአንድ እጁ ፎቶ፣ በሌላው ወረቀት ይዞ። ገና አርባ ያልሞላው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው፤ ከበላዮቹ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተደውሎለታል። ግሌኒስ አባቷን ስታይ ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«አባዬ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ዊልፍ አልመለሱላትም። «ስማኝ ጌታው» አሉ ሥራ አስኪያጁን። «ይህን ና ለካ። ከመስኮቱ እስከ ታችኛው ጠርዝ። እዚህ ለካ፤ ከዚያ እዚያ ለካ።»

ፒከርስጊል ማንጂትን አየ፤ ማንጂት ጣሪያውን አየ። ከዚያ ከትዕግሥት ይሁን ከድካም ሜትሩን ተቀብሎ ለካ። ቀኝ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር፣ ግራ ጫፍ ላይ ሌላ፤ ልዩነቱ ሦስት ሴንቲሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ጠማማው ፉርጎው ነው» አሉ ዊልፍ። «ቆርቆሮውን ሲቀይሩ ዝቅ አድርገው በየዱት። እሷ ንድፉ ያዘዛትን ነው የሠራችው፤ ከታችኛው ጠርዝ ለክታ፣ ሳታዛንፍ። ይህን የሚያህል ርዝመት ላይ አንድ ሚሊሜትር አልሳተችም። እኔ ነኝ የምልህ።»

ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን፣ ፉርጎውን፣ ሲባጎውን በየተራ አየ። ያመነ መሰለ፤ ቢሆንም ወረቀቱን አላጠፈውም። «ገባኝ ሚስተር ሰግደን። ስለ እርስዎ እኮ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የድሮ ሰዎች ሲያወሩ። ግን የሙያው ሰው ቢሆን ኖሮ ንድፉ ምንም ይበል፣ ዓይኑ ይነግረው ነበር፤ አይደለም? እርስዎን ነግሮዎታል። ግሌኒስ ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ሙያው ግን የላትም፤ ማንም አላስተማራትም። እርስዎ ሁለት ቀን ቢመጡልኝስ? ሁለት ወንዶች እሰጥዎታለሁ፣ ይመሯቸዋል። ያን የመሰለ ዓይን ለሌላ ሳይተላለፍ መቅረቱ ያሳዝናል።»

ዊልፍ በዕድሜያቸው ብዙ ምስጋና አላገኙም። በሰማያዊው ዘመን ጡረታ ሲያወጧቸው እንኳ አንድ የጠረጴዛ ሰዓት ሰጥተው ስማቸውን በስህተት ጽፈውበታል። ሰውዬው የተናገረው ነገር ደረታቸው ላይ ሞቅ ብሎ ሲወርድ ተሰማቸው። ልጃቸውን አዩ። እሷ መሬቱን ታያለች፤ የጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች።

«የሚተላለፍለት ሰው ነበር» አሉ። «በአሥራ ስድስት ዓመቷ አመለከተች። አለቃው መጥቶ ጠየቀኝ። ተወው፣ ለሴት የሚሆን ቦታ አይደለም አልኩት። ቦታው አልሞላም ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁባት።»

የግሌኒስ እጅ ዚፑ ላይ ቆመ።

ከውጭ አንድ ባቡር ሳይቆም አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። «ማንም አላስተማራትም ያልከው እውነት ነው» አሉ ዊልፍ፤ «ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም። ዛሬን ስጣት። የመስኮቱን ሥር ተከትላ በዓይኗ ትሥራው። አሥር ሰዓት ላይ መጥተህ እይ። ካላማረህ ወረቀትህ የትም አይሄድም፤ እኔም እጄን አላስገባም።»

ፒከርስጊል ሰዓቱን አየ። «አሥር ሰዓት» አለና ሄደ።

ግሌኒስ ከአባቷ ጋር አልተነጋገረችም። ዞራም አላየቻቸው። ማንጂትን «የሞቀ አየር መንፊያውን አምጣው» አለችና የግራውን ጫፍ መስመር እያሞቀች መላጥ ጀመረች። ዊልፍ በተገለበጠ ሳጥን ላይ፣ ከሃያ እርምጃ ርቀት፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ማንጂት ሻይ ሲያመጣላቸው ጎንበስ ብሎ «ጨካኝ ነገር ነው የተናገሩት» አላቸው፤ ቆየት ብሎም «ግን ደግ አደረጉ» አለና ሄደ።

ስትሠራ አይተዋት አያውቁም ነበር። የግድግዳ ወረቀት አይደለም። የሳሙና ውሃ ትረጫለች፣ የመስመሩን ጫፍ ብቻ ታስይዛለች፣ ከዚያ ከጀርባው ያለውን ወረቀት በግራ እጇ እየላጠች፣ በቀኟ እያለሰለሰች ወደ ጎን ትራመዳለች፤ ትንፋሿን ውጣ። እጇ አይንቀሳቀስም፣ እግሯ ነው የሚስበው። ማንም ይህን አላሳያትም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የመጨረሻው መስኮት ካለፈ በኋላ መስመሩ የሚከተለው መስኮት የለም፤ በሩ ብቻ ነው፣ በሩ ደግሞ ከፉርጎው ጎን ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚገባ መስመሩ ከሩቅ ሲያዩት የተሰበረ ይመስላል። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ፣ አባቷ አጠገብ እስክትደርስ፣ መጥታ አየች። ዊልፍ እሳቸው ቢሆኑ ዝቅ ያደርጉት ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉ። እሷ ተመልሳ በጣት ውፍረት ከፍ አደረገችው። ሽማግሌው በልባቸው «ተበላሸ» አሉ። ለጥፋ ጨርሳ ከፊቱ ገለል ስትል መስመሩ በሩን ተሻግሮ፣ ወደ ውስጥ የገባውን ጎን ረስቶ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ሄደ። እሳቸው ነበሩ የተሳሳቱት።

አሥር ሰዓት ላይ ፒከርስጊል መጣ፤ ከፊት አየ፣ ከጫፍ አጎንብሶ አየ፣ ፎቶ አነሳ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «የወዲያኛው ጎንም እንደዚሁ መሆን አለበት» አለ። «ነገ ትጨርሽዋለሽ?»

«እጨርሰዋለሁ» አለች። «ውሌን ግን በወር አልፈርምም። የዓመት አድርገህ አምጣው።»

ሰውዬው ፎቶ ማንሻውን ዘጋ። «ሰኞ እንነጋገራለን።»

«ሰኞ ባቡሩ ከመውጣቱ በፊት» አለች ግሌኒስ።

በዝናቡ ውስጥ በግሌኒስ መኪና ተመለሱ። ዓርብ ስለሆነ እንደ ልማዳቸው ዓሣ ቤቱ ጋ ቆመች፤ ሁለት ዓሣ በድንች ጥብስ ገዝታ ትኩሱን ወረቀት አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። ዋጋው አሥር ፔንስ ጨምሯል፤ ማናቸውም ስለዚያ አላነሱም። ቤት ገብተው ከወረቀቱ ላይ ሳያወጡ በሉ። ግሌኒስ ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ እንደገና አጣጥፋ፣ ከዚያ በላይ ማነስ እስኪያቅተው ድረስ አጣጠፈችው።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አለች።

«አታውቅም።»

«‹ቦታው ሞልቷል› ያሉኝ የሂሳብ ፈተናውን ወድቄ ነበር የመሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር የማልችል ሰው ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።» ድምጿ አልተሰበረም፤ ቢሰበር ለሽማግሌው ይቀላቸው ነበር። «በኔ አፍረህ ነው?»

«በራሴ ነው ያፈርኩት። አለቃው ሲመጣ የሽንት ቤት በር ላይ ቁጥር ነበር የምጽፈው። ከድልድዩ ላይ ያን ሁሉ ያሳየሁሽ ሰው... እንዲያ ሆኜ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።»

ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ተከፈተ፤ የሆነ ሰው ሳቀ።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «የሽንት ቤት በር ለመጻፍም እገባ ነበር። አንተ ካለህበት።»

ዊልፍ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ እጃቸው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ልጃቸው አላጽናናቻቸውም። ተነስታ ሳህን የሌለበትን ጠረጴዛ በጨርቅ ጠረገች።

«ይቅር አላልኩህም» አለች ጀርባዋን ሰጥታ።

«አውቃለሁ።»

«ጊዜ ይፈጅብኛል።»

«ይፍጅ።»

ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለችው። «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። የምትመጣ ከሆነ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ ሁለት ጊዜ አልጣራም።»

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሌሊት ልብሷ ስትወርድ፣ ሽማግሌው ጫማቸውን አስረው፣ ፊታቸውን ተላጭተው ኮሪደሩ ውስጥ ቆመው ነበር።

«ገና ነው እኮ» አለቻቸው።

«ይሁን» አሉ። «ቆሜ እጠብቃለሁ።»